ፓፓያ የበላው ግመል

ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ፤ ግመሉን የበላሁት እኔ አይደለሁም። ግመሉን የበላው ፓፓያ ነው። ይህን የምለው ከጥፋቴ ለመሸሽ እንዳይመስላችሁ። ጥፋቴን አምናለሁ፤ እንዲያውም ሽማግሌዎች ፊት ቆሜ አምኛለሁ። ግን ማን ምን እንደበላ በትክክል መጻፍ አለበት። የባዮሎጂ ተማሪ ማን ማንን እንደበላ ካላወቀ ሌላ ምን ያውቃል?

የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። የምኖረው ጅቡቲ፣ ካርቲየ ሰባት በሚባል ሠፈር፣ አክስቴ ዘህራ ቤት ነው። ትምህርቱ በፈረንሳይኛ ስለሆነ ከክፍል ስመለስ በአማርኛ ጮክ ብዬ ካልደገምኩት አይገባኝም። ብቻዬን ሳወራ ደግሞ ያበድኩ ስለሚመስል አድማጭ ያስፈልገኛል። አድማጮቼ ሁለት ናቸው፤ አክስቴና ልጇ ኢክራም። አክስቴ እየሰማች ሩዝ ትለቅማለች። ኢክራም እየሰማች ስልኳን ትነካካለች። ቢሆንም ሁለቱም ሳይመዘገቡ ግማሽ ሴሚስተር ተምረዋል ማለት ይቻላል።

በዚያ ሳምንት የተማርነው ስለ ሕዋስ ነበር። የሕዋስን ሽፋን ለአክስቴ ሳስረዳ ወደቡን ምሳሌ አደረግሁ። በር አለ፣ ዘበኛ አለ። ውሃ እንደ ሠፈር ልጅ ነው፤ ዘበኛው ስለሚያውቀው እንደ ልቡ ይወጣል ይገባል። ጨውና ስኳር ግን ወረቀት ይጠየቃሉ።

«ወረፋስ አለው?» አለች አክስቴ።

«ወረፋ የለውም።»

«እንግዲያው ወደብ አይደለም» ብላ ሩዟን መልቀሟን ቀጠለች።

ቀጥዬ ስለ ጉልበት አስረዳሁ። ሕዋስ የምንበላውን ስኳር በአንዴ አያነደውም፤ ቀስ በቀስ አቃጥሎ ጉልበቱን ኤቲፒ በሚባል ነገር ላይ ይጭነዋል። ኤቲፒ እንደ ስልክ ካርድ ነው። ይሞላል፣ ወዲያው ያልቃል፣ እንደገና ይሞላል፤ ቀኑን ሙሉ ሥራው ይኸው ነው። ኢክራም ይሄኔ ቀና አለች። «ስለ እኔ ነው የምትማሩት?» አለችኝ። እውነቷን ነው። የኢክራም ካርድ ጠዋት ተሞልቶ ከሰዓት በፊት ያልቃል፤ የሚያልቀውም ዩሱፍ ከሚባል መኪና አሽከርካሪ ጋር ነው።

መጨረሻ ላይ ኢንዛይም መጣ። «ኢንዛይም መቀስ ነው በይው» አልኳት አክስቴን። «ይቆርጣል፣ ይቆርጣል፣ ይቆርጣል። ራሱ ግን አያልቅም። አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው ይሄዳል።»

«እንደ ሐጂያ ሉላ ምላስ» አለች አክስቴ። ሦስታችንም ሳቅን፤ ወዲያው ደግሞ አክስቴ የሰማ እንዳለ ለማየት ወደ በሩ ዞረች።

ሐጂያ ሉላ የዩሱፍ አክስት ናት። ያሳደገችው እሷ ስለሆነች ሚስት የምትመርጥለትም እሷ ናት። ከዚህ በፊት ለዩሱፍ ሁለት ቤት ሄዳ፣ ምሳ በልታ፣ የመጣችበትን ጉዳይ ሳታነሳ ተመልሳለች። የመጀመሪያው ቤት ጨው በዝቶ ነው ይባላል። ሁለተኛው ቤት ሥጋው አልታኘክ ብሎ ነው። በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ከወንድሟ ከሐጂ ሙሴ ጋር የምትመጣው እኛ ቤት ነበር። ጉዳዩን ካነሳች ኢክራም ዩሱፍን ታገባለች፤ እጇን ታጥባ ከሄደች ግን ኢክራም ሳምንቱን ሙሉ ስታለቅስ አብሬያት የምተኛው እኔ ነኝ።

የምሳው ሰዓት ስድስት ተባለ። ጅቡቲን ለማያውቅ አንባቢ ይህ ቀላል ነገር ይመስለዋል። አይደለም። ሰባት ሰዓት ገደማ ጫቱ ከተማ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ሽማግሌ ቁጭ አድርጎ ስለ ጋብቻ ማናገር አይቻልም። አካሉ እናንተ ጋ ቢሆንም ጆሮው መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ ሁሉም ነገር በአንድ ሰዓት ውስጥ መበላት፣ መጠየቅና መፈቀድ አለበት።

አርብ ማታ አክስቴ ሦስት ኪሎ የግመል ሥጋ ገዝታ ገባች። በጣቷ ነካችው። በቡጢ ነካችው። ፊቷ ተለወጠ።

«ይቺ ግመል በእግሯ ነው ዕድሜዋን ሙሉ አገር የዞረችው» አለች። «ወላሂ ሥጋ አይደለም፤ ጎማ ነው። ሐጂያ ሉላ ይህን ነክሳ ጥርሷ ቢወልቅ ምን ይውጠኛል?»

ዝም ማለት እችል ነበር። ፈተና ላይ እንኳ የማላውቀውን ጥያቄ ባዶ መተው የማልችል ሰው ስለሆንኩ ግን ዝም አላልኩም። እጄን አወጣሁ፤ አዎ፣ ወጥ ቤት ውስጥ እጄን አወጣሁ።

«ጥሬ ፓፓያ!» አልኩ። «ጥሬ ፓፓያ ሲቆረጥ የሚወጣው ነጭ ወተት ውስጥ ኢንዛይም አለ። ሥጋን የሚያጠነክሩትን ረጃጅም ክሮች ይቆራርጣቸዋል። ሥጋው እንደ ቅቤ ይሆናል።»

«ታውቂበታለሽ?»

«ተምሬዋለሁ።»

አክስቴ የጠየቀችኝና እኔ የመለስኩት አንድ አለመሆኑን ሁለታችንም ልብ አላልንም።

ቅዳሜ ከማለዳው አንድ ሰዓት ላይ ሥራ ጀመርኩ። ፓፓያ የሚያውቁ ሴቶች ከልጣጩ ቁራጭ ወስደው ሥጋው ላይ ጣል እንደሚያደርጉና ብዙም ሳይቆይ አጥበው እንደሚያወጡት የሰማሁት በኋላ ነው። እኔ ፓፓያውን ከነልጣጩ፣ ከነወተቱ ሙሉውን ፈቅፍቄ ከሥጋው ጋር አሸሁት። ለጥንቃቄ ብዬ ሁለተኛም ጨመርኩ። ከዚያ ሳህኑን ከፍሪጅ አርቄ ሞቅ ያለ ቦታ አስቀመጥኩት፤ ኢንዛይም ብርድ ላይ ይሰንፋላ። በጅቡቲ ሞቅ ያለ ቦታ መፈለግ አያደክምም። ወለሉ ላይ ብታስቀምጡትም ይበቃል።

ሥጋው ሥራ ላይ እያለ እጄ ባዶ ሆነ። የእጄ ባዶ መሆን የቀረውን ጥፋት ሁሉ አመጣው። ሰላጣውን ልርዳ ብዬ ዱባ ዱባ የሚያህሉ ቲማቲሞችና ኪያሮች ከተፍኩ፤ ጨው እንዲገባቸው ብዬም ገና ጠዋት ሦስት ሰዓት ሳይሆን ጨው ነሰነስኩባቸው። ሰኞ ዕለት ወደቡንና ዘበኛውን ለአክስቴ ያስረዳሁት እኔው ነኝ። ውጭ ጨው ሲበዛ ውሃ ከሕዋሱ ወጥቶ ወደ ጨው እንደሚሮጥ ሥዕል ስዬ፣ ቀስት አስምሬ፣ ቀለም ቀብቼ ለመምህሬ ያስረከብኩ እኔ ነኝ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ስመለስ ኪያሮቹ እንደ አሮጌ ካልሲ ተልፈስፍሰው በራሳቸው ውሃ ውስጥ ይዋኛሉ።

አልደነገጥኩም። ሳይንስ ያበላሸውን ሳይንስ ይጠግነዋል። ንጹሕ ውሃ ውስጥ ብነክራቸው ውሃው ተመልሶ ይገባል፤ ይወጠራሉ ብዬ ከቧንቧ ቀድቼ ነከርኳቸው። የቧንቧችን ውሃ ራሱ ጨው ጨው እንደሚል በከተማው ውስጥ የማያውቅ ሰው የለም፤ እኔ ግን ያን ሰዓት ጅቡቲ ውስጥ አልነበርኩም፣ መጽሐፍ ውስጥ ነበርኩ። ደግሞም እስካሁን ያልገባኝ ነገር ቢኖር፣ ቢላዋዬ የቆራረጠው ሽፋን እንዴት ይወጠራል ብዬ እንዳሰብኩ ነው። በመጨረሻ ሰላጣውን በጓሮ በር አወጣሁት። የሠፈራችን ፍየሎች ካርቶን ይበላሉ፣ ጋዜጣ ይበላሉ፤ የእኔን ሰላጣ ግን አሽትተው ሄዱ።

ይህን ሁሉ አክስቴ አላየችም፤ ሊጥ ላይ ነበረች። እርሾ ጨምራ ያቦካችው ሊጥ ባልዲ ሙሉ ሆኖ ተነፍቷል። ኩፍ ማለቱን አይታ «ማሻአላህ» አለች። እኔም ደስ እንዲላት አስረዳኋት።

«እርሾ እኮ ሕይወት ያለው ነገር ነው አክስቴ። ልክ እንደኛ ስኳር አቃጥሎ ጉልበት ያገኛል። ሊጡ ውስጥ አየር ሲያጣ ግን በሌላ መንገድ ይሠራል፤ ጋዝና ትንሽ አልኮል ያወጣል።»

የአክስቴ እጅ ሊጡ ውስጥ እንዳለ ቆመ።

«ትንሽ ምን?»

«አል... ጋዝ። ጋዝ ያወጣል።»

«ከጋዙ ቀጥሎ ያልሽው!»

«ሲጋገር እኮ በኖ ይጠፋል! መልኩ ብቻ ነው የሚቀረው፣ ማለቴ መልኩም አይቀርም...»

«ያ አላህ! እኔ ቤት? ሽማግሌ የሚመጣ ቀን? ሐጂ ሙሴ የሚበላው ላይ?» እጇን ከሊጡ አወጣችና እስከ ክርኗ ታጠበች። «አውጪልኝ! ባልዲውን ከቤት አውጪልኝ! ኢክራም፣ ሂጂ ባጌት ገዝተሽ ነይ!»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። ሐቀኝነት ግን አስቸገረኝ።

«ባጌቱም እኮ እርሾ አለው» አልኩ።

አክስቴ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሃያ ስንት ዓመት የበላችው ባጌት ሁሉ በዓይኗ ፊት ሲያልፍ አየሁት። ኢክራም ጣልቃ ገባች፤ «ኡሚ፣ ዓለም ሁሉ የሚበላው ዳቦ ነው። መስጊድ በር ላይም ይሸጣል። አቦ፣ አሁን የምርምር ሰዓት አይደለም» አለች። ወደ እኔም ዞራ፣ «አንቺ ደግሞ እስከ ማታ የተማርሽውን ሁሉ እርሺ» አለችኝ። ባልዲውን ክዳኑን ገጥሜ በረንዳ አወጣሁት። አክስቴም ሥጋውን ድስት ላይ ጣደችና ልብስ ልትቀይር ገባች።

አሁን የምነግራችሁ ከሁሉ የባሰውን ነው። መምህራችን እንዳሉት ኢንዛይም ሙቀት ሲያገኝ ይፈጥናል፤ ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ግን ቅርጹ ይበላሽና እንደ ጠመመ ቁልፍ የትም አይገባም። አክስቴ ደግሞ እሳቱን እስከ መጨረሻው ለቃዋለች። ሦስት ሰዓት የለፋሁበት ኢንዛይም ሊሞት ነው! ጠጋ ብዬ እሳቱን ዝቅ አደረግሁት። አክስቴ መጥታ ከፍ አደረገችው። ሄደች፤ ዝቅ አደረግሁት። ተመልሳ ከፍ አደረገችው።

«ኧረ ይሄ ጋዝ ምን ነካው?» አለች። ሲሊንደሩን አቅፋ ነቀነቀችው። «አላለቀም። ሙሉ ነው።» የጋዙን ቱቦ ጠረገች፣ ክብሪት ጫረች፣ ቢስሚላህ አለች። ሄደች። ዝቅ አደረግሁት።

በዚህ ሁኔታ ድስቱ አልፈላ አልበረደ ብሎ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ቆየ። የፓፓያ ኢንዛይም ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ሙቀት ይኸው መሆኑን፣ እጅ የሚያቃጥል ግን የማይፈላ ሙቀት መሆኑን፣ ሰኞ መምህራችንን ስጠይቃቸው ነገሩኝ። እየሳቁ ነው የነገሩኝ። ጥሬ ሥጋ ላይ ሦስት ሰዓት ያደረገው ከዚያ በኋላ ካደረገው ጋር ሲነጻጸር ምንም አልነበረም።

አምስት ተኩል ላይ አክስቴ አዲሱን ድሪያዋን ለብሳ፣ ሽቶ ተቀብታ መጣችና ጭልፋ ወደ ድስቱ ላከች። ጭልፋው ወርዶ ወጣ። እንደገና ወርዶ፣ ታች ያለውን ዳስሶ ወጣ።

«ሥጋው የታለ?»

«እዛው ነው» አልኩ።

«እዛው የት?»

«መረቁ ውስጥ። ማለቴ... መረቁ እሱ ነው።»

አክስቴ ድስቱ ላይ አጎነበሰች። ሦስት ኪሎ ግመል እንደ ሕፃን ገንፎ ሆኖ ይተነፍሳል። አንድ የሚታኘክ ነገር የለም። አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። ጭልፋውን ቀስ ብላ አስቀምጣ «ልጄን አበላሽሽብኝ» አለች። ከዚህስ ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። ኢክራም በር ላይ ቆማ ሰማችው፤ እንባዋ ኩሏን ይዞ ወረደ። እኔም ይቅርታ ልል አፌን ከፈትኩ፤ ከአፌ የወጣው ግን «ሰላጣውም የለም» የሚል ነበር።

ከዚያ ኢክራም ያደረገችውን ስንቴ ብናገረው አልጠግብም። ኩሏን በእጅጌዋ ጠረገች። የአዲሱን ቀሚሷን ጫፍ ወገቧ ላይ ሸጎጠች። እሳቱን እስከ መጨረሻው ለቀቀችና ሽንኩርት፣ በርበሬ፣ ሄልና ድንብላል እየጨመረች ያን ገንፎ ውሃው እስኪጠፋ ማማሰል ጀመረች።

«አሁን ሞተ» አልኩ በሹክሹክታ።

«ማን?»

«ኢንዛይሙ።»

«አንቺም ልትከተይው ነው። ሊጡን አምጪ!»

በረንዳ ስወጣ ሊጡ እኔን አልጠበቀም። ክዳኑን በራሱ ላይ እንደ ቆብ ደፍቶ ከባልዲው ግማሽ ድረስ ወጥቷል። አቅፌ ገባሁ። አክስቴ «አልኮሉስ?» አለች በደካማ ድምፅ። «ዘይቱ ያበንነዋል ኡሚ፤ ሳይንቲስቷ ብላለች» አለች ኢክራም። አንድ ቁራጭ ሊጥ ጠፍጥፋ፣ ከግመሉ አንድ ማንኪያ ጨምራ፣ ጠቅልላ ዘይት ውስጥ ጣለችው። ተነፋ። ወርቅ መሰለ። ሦስታችንም ተረባርበን መጠፍጠፍ ያዝን። ስድስት ሰዓት ላይ በሩ ሲንኳኳ ትሪው ሞልቶ ነበር፤ የእኔ ጉንጭም በሊጥ ተለቅልቆ ነበር።

ሐጂያ ሉላ ቀጭን፣ ቀጥ ያለች ሴት ናት። ወንድሟን ሐጂ ሙሴን ይዛ ገባች። (ወገኖቼ የድሬዳዋ ሰዎች ናቸው፤ ድሬዳዋ ትልቁም ትንሹም አንተ ነው። ሐጂን አንተ ስል አንባቢ አይቆጣኝ።) ሐጂ ሙሴ አንዱን አንስቶ ነከሰ። ሁለተኛውን አነሳ። ሐጂያ ሉላ ግን የራሷን ከፈተችውና ውስጡን እንደ ሐኪም መረመረችው።

«ዘህራ፣ ይሄ ምን ይባላል?»

አክስቴ ፊቷን ሳትለውጥ፣ «የቤታችን ምግብ ነው፤ ከድሮ ጀምሮ የምንሠራው» አለች።

«ድሬዳዋ ተወልጄ አደግሁ፤ አይቼው አላውቅም።»

«የሐረር ነው።»

«እናቴ የሐረር ናት።»

አክስቴ ኢክራምን አየች፤ ኢክራም ወለሉን አየች፤ ሐጂያ ሉላ እኔን አየችኝ። ሰው ትክ ብሎ ካየኝ ያልተጠየቅሁትን ሁሉ እመልሳለሁ። ቆምኩ። እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ፣ ክፍል ፊት እንደምቆመው ሆኜ፣ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ስለ ግመሏ ጥንካሬ፣ ስለ ሁለቱ ፓፓያዎች፣ ስለ ኢንዛይሙ፣ አክስቴ ሳታየኝ እሳቱን ስለ መቀነሴ፣ ስለ ኪያሮቹ ሽፋን፣ ስለ ፍየሎቹ፣ ስለ እርሾው። አልኮል የሚለውን ብቻ ዘለልኩት፤ ያም ቢሆን አክስቴ እግሬን ስለረገጠችኝ ነው። «ያበላሸሁት እኔ ነኝ» ብዬ ጨረስኩ። «እናንተ እስክትመጡ ባለው ግማሽ ሰዓት ይህን የሠራችው ኢክራም ናት።»

ሐጂ ሙሴ ማኘኩን አቆመ። «እና ያ መቀስ አሁን ሆዴ ውስጥ መቁረጡን ይቀጥላል?»

«አይ ሐጂ፤ ሙቀቱ ገድሎታል። ለሆድህ አትስጋ፤ ሆድህ የራሱ መቀስ አለው።»

«አልሐምዱሊላህ» አለና አራተኛውን አነሳ። በዚያው ቅጽበት ከመንገዱ የጫት መኪኖቹ ጡሩምባ ተሰማ። ሐጂ ሙሴ ወደ በሩ አየ፤ ወደ ትሪው አየ፤ አልተነሳም።

ሐጂያ ሉላ ኢክራምን ጠራቻት። «ነይ እስኪ። ምሳው ገንፎ ሆኖ ስታገኚው ምን አደረግሽ?»

«መጀመሪያ አለቀስኩ» አለች ኢክራም።

«ብዙ?»

«ጊዜ አልነበረም።»

ሐጂያ ሉላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። «ስሚ ዘህራ» አለች ወደ አክስቴ ዞራ። «እኔ ቤት ሰባት ወንድ አለ። የሚያበላሽ ሰው አላጣሁም። ያጣሁት የተበላሸውን የሚሰበስብ ነው። እስካሁን የሄድኩባቸው ቤቶች ጨው በዛ ስላቸው ተቀይመው ቁጭ አሉ እንጂ አንድ ሎሚ እንኳ የጨመቀልኝ የለም።» እጇን በፎጣ ጠርጋ ድምፅዋን አስተካከለች። «እንግዲህ የመጣንበትን ጉዳይ እናንሳ።»

አክስቴ እልል ልትል ብላ ሳቅና ለቅሶ ተቀላቀለባት። ኢክራም ሮጣ ወጥ ቤት ገባች፤ ካርድ እንደሌላት የማውቀው እኔ ለዩሱፍ እንድትደውል ስልኬን አቀበልኳት። ተመልሼ ስገባ ቀኑ ሊቆረጥ ነው። የሠርጉ ሳምንት የሴሚስተሬ መጨረሻ ሆኖ ወጣ። ማንም ሳይቀድመኝ፣ ልረዳ እንደምፈልግ፣ ለሠርጉ ሥጋ አዲስ ሐሳብ እንዳለኝም ተናገርኩ።

ሐጂያ ሉላ በደንብ አየችኝ። «የትኛው ቀን ነው ፈተና ያለብሽ?»

«ሐሙስ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ።»

«የሚያልቀውስ?»

«ስምንት ሰዓት።»

«ማሻአላህ» አለች፤ ወደ አክስቴም ዞር ብላ፣ «ሐሙስ ይሁን። ምሳው ስድስት ሰዓት ላይ ይቀርባል።»